ሳያስለቅሱ ማርዳት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ቦታው ከአዳማ ወደ ወንጂ መውጫ ላይ ያለ፣ ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። በብሎኬት ከፋፍለው ክፍል ክፍል አድርገውታል፤ እኔን የጣሉኝ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ከአርባ የማናንስ ሰዎች ነበርን። ላብ፣ ሽንትና የከረመ የበቆሎ አቧራ ተደባልቆ ይሸታል። ሸሚዜ ደረቱ ላይ ተቀዶ፣ አንድ ጫማዬ ባመጡኝ ፒክአፕ ላይ ቀርቶ፣ የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ ቆሜ ስፈዝ፣ ጥግ የያዘ አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው እግሩን ሰብስቦ የአንድ ሰው ቦታ አወጣልኝ።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ቆመህ ካዩህ ተመልሰው ይመጡብሃል» አለኝ።

ሰውዬው ሹፌር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። የአርሲ ሰው፣ ሙስሊም፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ ያለውን ኬላ ሁሉ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው። ለምን እንደታሰረ ሲጠየቅ «መንገድ በተዘጋ ቀን መንገድ ላይ ተገኝቼ» ይልና ይስቃል። የሚስቀው ጎኑን በእጁ ይዞ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ምርመራ ላይ በጫማ ረግጠው የጎን አጥንቱን ሰብረውበታል። ሐኪም አላየውም። ሲያስል የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የእኔ ጥፋት የቀብር ንግግር ነው። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፤ ጴንጤ ነን። ሐዘንተኛ ማጽናናት የእኔ ድርሻ ነበር። በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን አንድ ተማሪያችን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ቀብሩ ላይ ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ወሰዱኝ።

«ሕዝቡን ምን ብለህ ነው ያነሳሳኸው?» አለኝ መርማሪው።

«አታልቅሱ ነው ያልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አታልቅሱ፣ ዘምሩ ነው ያልኩት።»

ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። «ይሄማ የኛ ሰው ነው! እኛስ ከዚህ ሌላ ምን አልን? አታልቅሱ ነው የምንለው።»

ስቀው ሲያበቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። በሆዴ አስተኝተው፣ እግሬን ከወንበር ጋር አስረው፣ ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። የመጀመሪያዎቹ ያቃጥላሉ። እየቆየ ሲሄድ ማቃጠሉ ይቀርና አጥንት ውስጥ ገብቶ እስከ ማጅራት የሚወጣ ሌላ ሕመም ይሆናል። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እምነት መስሎኝ ኮራሁበት። እነሱ ደግሞ ንቀት መስሏቸው ጀርባዬንም ጨመሩበት።

ጎትተው ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሲጥሉኝ ሹፌሩ በቂጡ እየተሳበ መጣ። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሽርጡን በውሃ አርሶ ጠቀለለልኝ።

«እንዴት ነህ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እግሬን አየ፤ ፊቴን አየ። «እኔ እኮ እግርህን ይዤዋለሁ» አለኝ። «አያምህም እንዴ አንተ ሰው?»

«ተመስገን ነው» አልኩት።

እንዲህ ያለ አመል አለን እኛ። ቤቱ የተቃጠለበት ወንድም «እንዴት ነህ?» ሲባል «ድል ነው!» ይላል። ለቅሶ ቤት ስንገባ ኪቦርድ ይዘን ነው። እናትየዋ ድምፅ ካሰማች ከመሃላችን አንዱ መዝሙር ይጀምራል፤ የሷ ድምፅ እስኪዋጥ ድረስ ሁላችንም እናጅበዋለን። ያንን መዝሙር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ።

የራሴ ልጅ የሞተው ከመታሰሬ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። ትኩሳት ጀመረውና በአራተኛው ቀን ሞተ። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ ያዘመርኩት እኔው አባቱ ነኝ። ሰዉ «ምን ዓይነት ጸጋ ነው!» አለ። ባለቤቴ ሣጥኑ ሲወርድ ጮኸች። ክንዷን ያዝ አድርጌ፣ ሰው እየሰማ፣ «አታልቅሺ፤ ጌታን አታሳዝኚ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ፊቴ አልቅሳ አታውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ነው የምታለቅሰው። እኔ እሰማለሁ፤ የተማሪ ፈተና ማረሜን እቀጥላለሁ። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ውሃ በሌለባቸው ቀናት አታለቅስም ነበር።

እኔ አንድም ቀን አላለቀስኩም። ጌታ ራሱ በወዳጁ መቃብር ደጃፍ እንዳለቀሰ ስንት ጊዜ ሰብኬአለሁ፤ ግን እዚያ ላይ አልቆምም ነበር። ከሞት ወደ ተነሣው ሰው ቸኩዬ እሻገራለሁ።

የክፍላችን ተጠሪ «ካቦ» ነበር የሚባሉት። በየእስር ቤቱ ተጠሪው ካቦ ይባላል፤ የእኛው ግን ከከምባታ መጥተው ወንጂ ሸንኮራ ሲያስቆርጡ ያረጁ የእውነት ካቦ ነበሩ። ውሃ የሚያከፋፍሉት፣ የመኝታ ተራ የሚያወጡት፣ ስንቅ በር ላይ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጥግ ጠሩኝና የሹፌሩ ልጅ መሞቷን ነገሩኝ።

ልጅቱን ሁላችንም በስንቋ እናውቃታለን። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ለአባቷ ምግብ አድርሳ ነው የምታልፈው። ለአራት ቀን ግን ስንቁን ያመጣው አጎቷ ነበር፤ «ፈረቃዋ ተቀይሮ ነው» ሲባል ሹፌሩ አምኖ በላ። በአምስተኛው ቀን አጎትየው ለካቦ እውነቱን አወጣ። ምግቡን አድርሳ አስፋልቱን ስትሻገር መኪና ገጭቷት ነው። ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ከነገ ወዲያ የጥየቃ ቀን ነው» አሉኝ ካቦ። «እናትየዋ ትመጣለች። ፊቷን ሲያይ ይገባዋል። አጥሩ ሥር ከጮኸ አለቀለት።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከእኔ መምጣት በፊት በሁለተኛው ክፍል አንድ ሰው መርዶ ሰምቶ ሲጮህ ሌሎቹ ክፍሎች ተቀበሉትና መጋዘኑ በሙሉ ለቅሶ ሆነ። ጠባቂዎቹ አመፅ ነው ብለው ገቡ። ያን ቀን ሁለት ሰው በቃሬዛ ወጣ፤ አንደኛው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰ ሰው ጠጠሩ ላይ ይወጣል። ጠጠሩ የምንለው ግቢውን ነው፤ እዚያ አንበርክከው ነው የሚደበድቡት።

«ጎኑን አይተኸዋል። ዱላ የሚችል ጎን አይደለም» አሉኝ። «ስለዚህ ነገ ጠዋት እዚሁ እኛ እጅ ላይ ይረዳ። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያወጣ።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰው ሳታስለቅስ ማርዳት ታውቅበታለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ባለሙያው አንተ ነህ።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እግሬ አብጦ፣ ጀርባዬ ተልጦ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔን የሚፈልግ ሥራ በመገኘቱ ደስ አለኝ።

መርዶ የሚነገረው ጠዋት ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተሳሳትነውም እዚሁ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አባብሶ፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ለብሶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሮ ተቀመጠ። እስር ቤትም ቢሆን ወጉ አይቅርበት ብለን ነው። ሹፌሩ የጠዋት ሶላቱን ጨርሶ ዘወር ሲል አርባ ሰው አንገቱን ደፍቶ አገኘ። እኔ አፌን ሳልከፍት ገባው።

«ማን ነው?» አለ።

ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረ።

«እናቴ ናት?»

ካቦ ወደ እኔ አዩ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩ። «ልጅህ ናት» አልኩት።

«ኢንታላ ኮ?» አለ በኦሮምኛ። ልጄ? ማለቱ ነው። አፉ ሌላ ቋንቋ አልመጣለትም።

«አዎ። መኪና ነው።»

«ምን መኪና?»

«ተሳቢ ነው አሉ።»

«ባዶ ነው ጭነት የያዘ?»

«ጭነት የያዘ።»

«እንግዲያው አይቆምም» አለ ቀስ ብሎ። «ጭነት ከያዘ ፍሬን ቢረግጥም አይቆምም።» ቀኝ እግሩ ሲሚንቶውን ሲጫን አየሁት።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ልማዴ ቀደመኝ። «በርታ» አልኩት። «አታልቅስ። የሰጠም የወሰደም እሱ ነው። ተመስገን በል።»

ቃሉን ሳልጨርስ በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በጀርባዬ ወደቅኩ፤ ላዬ ላይ ወጣ፤ መሪ ሲጠመዝዝ በኖረ እጁ ጉሮሮዬን አነቀኝ። በሌላው እጁ አፌን በቡጢ መታኝና የፊት ጥርሴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ድምፅ ነው። እሱም አይጮህም፣ እኔም አልጮህም። አራት ሰዎች ትከሻውን ይዘው ይጎትታሉ፤ ከትንፋሽ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም።

«ልጅ ሞቶብህ ያውቃል?» አለኝ በሹክሹክታ፣ ምራቁ ፊቴ ላይ እየተረጨ።

«አዎ።»

እጁ ላላ። «ምን አደረግክ?»

«ዘመርኩ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ንዴቱ ከፊቱ ላይ ሲሄድ አየሁ፤ በቦታው የመጣው የባሰ ነበር። አዘነልኝ። ልጁ የሞተችበት ሰው ለእኔ አዘነልኝ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ከዚያ ምንም የለም። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ደም ሞላው፤ ከደሙ ጋር አንድ ድምፅ ወጣ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ሰዎቹ አፌን ሊያፍኑ ሲረባረቡ ነው። የልጄን ስም ነበር የምጮኸው። ከቀብሩ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም ነበር። የግንባሩ ትኩሳት፣ ውሃ ሲለምነኝ የነበረው ድምፁ፣ የሣጥኑ ማነስ፣ ሁሉም ባንዴ መጣ። አፌን የያዘውን እጅ ነክሼ ጮህኩ። ሹፌሩ ጭንቅላቴን ወደ ደረቱ ስቦ «ተዉት» አላቸው። «ተዉት፣ ያልቅስ።»

በሩ ተበረገደ። አምስት ሆነው ገቡ። በሩ አጠገብ የነበሩትን ሳይጠይቁ በቆመጥ ፈለጧቸው። አንዱ ጭንቅላቱን ሊከልል ያነሣው ክንዱ ተሰብሮ ተንጠለጠለ። ካቦን ጺማቸውን ይዘው ከግድግዳው ጋር አጋጯቸው፤ ሽማግሌው ተንሸራተው ወረዱ። ከኋላ የገባው ተረኛ አዛዥ ማስቲካ ያኝካል።

«ማን ነው የጮኸው?»

ዓይኑ ክፍሉን ዞረና ሹፌሩ ላይ ቆመ። የልጅቱን ነገር በር ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል፤ እሱም ሳይሰማ አልቀረም። በቆመጡ ጫፍ ጎኑን ነካ አደረገው፤ የተሰበረውን ጎን። «አንተ ነህ አይደል? ተነሥ።»

ሹፌሩ ወለሉን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ቆምኩ። እግሬ ገና አልዳነም፤ ግድግዳ ግን አልያዝኩም።

«ምን ሆነህ?»

«ልጄ ሞቶብኝ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። «ታዲያ ዛሬ ነው የሰማኸው?»

«አዎ» አልኩት። «ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ማኘኩን አቆመ። ምናልባት እሱም ልጅ አለው፤ አላውቅም። ብቻ በአንገቴ ይዞ አወጣኝ።

ጠጠሩ ላይ አንበርክከው ሁለት ሆነው በየተራ መቱኝ፤ ጀርባዬን፣ ትከሻዬን፣ ስወድቅ ያገኙትን ሁሉ። ከአጥሩ ውጭ ባጃጆች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። የግራ ጆሮዬ መስማት ያቆመው ያን ቀን ነው። ዝም በል ይሉኛል፤ ዝም አላልኩም። «ተመስገን»ም አላልኩም። «ጌታ ሆይ፣ አመመኝ!» እያልኩ ጮህኩ። ለሃያ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ጸልዬአለሁ፤ እውነቱን የነገርኩት ግን ያን ጊዜ ይመስለኛል። ጌታ ዱላውን አልያዘልኝም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም፤ ይህንን ከዚህ በተሻለ ማስረዳት አልችልም።

ካቦ በኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔ ውጭ ስጮህ ሹፌሩ ውስጥ አለቀሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወለሉን እየደበደበ፣ የልጁን ስም እየጠራ አለቀሰ፤ ጠባቂዎቹ የሚሰሙት የእኔን ነበር።

ጎትተው ሲመልሱኝ ክፍሉ ለቅሶ ተቀምጧል። ካቦ ጭንቅላታቸው በጨርቅ እንደታሰረ ተራ አውጥተዋል፤ በሐዘንተኛው ግራና ቀኝ ሁልጊዜ ሁለት ሰው እንዲኖር። ከወሎ የመጡ ባለሱቆች ዱዓ ያደርጋሉ፣ የቀረነው አሜን እንላለን። ማታ ተኙ ተብሎ ታዞ ነበር፤ ማንም አልተኛም። የእኔ ተራ ሲደርስ ደግፈው አስቀመጡኝ። አንድ ዓይኔ ተዘግቷል፤ ከንፈሬ አብጧል፤ ብፈልግም የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

ብዙ ከቆየ በኋላ ሹፌሩ «ወጥ ላይ ጨው ታበዛ ነበር» አለኝ። «አንድ ቀን አልነገርኳትም።»

«የኔው ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነበር የሚያደርገው» አልኩት እንደምንም።

አንድ ጠባቂ በበሩ ቀዳዳ አየና «ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ።

«ስለ ልጆቻችን» አለው ሹፌሩ። አንገቱን አልደፋም፤ ድምፁንም አላሳነሰም። ጠባቂው ቀዳዳውን ዘግቶ ሄደ።

በጥየቃው ቀን ሹፌሩ ሚስቱ ፊት በሁለት እግሩ ቆመ። እሷ ስታለቅስ እሱ አጽናናት፤ አልጮኸም፤ ዱላም አልነካውም። የእኔም ባለቤት መጥታ ነበር። ታሳሪና ጠያቂን በሚለዩት ሁለት ገመዶች ወዲህና ወዲያ ቆመን ፊቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነችና እንደ ልማዷ ዋጠችው።

«በቀብሩ ቀን አታልቅሺ ያልኩሽን ይቅር በይኝ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና ሰልፈኛው ሁሉ እያየ አለቀሰች። እኔም ከገመዱ ወዲህ አለቀስኩ። ጠባቂው በእርግጫ ወደ ውስጥ መለሰኝ፤ ዞሬ ዞሬ እያየኋት ገባሁ።

ቆይተው «ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ፈቱኝ። ሹፌሩ ከእኔ በፊት ወጥቶ ነበር። መንዳት ትቶ ሻሸመኔ ጎማ ይሸጣል፤ በኢድ እኔ፣ በገና እሱ እንደዋወላለን። ቤተ ክርስቲያን አሁንም ለቅሶ ቤት ትልከኛለች፤ መዝሙር የሚጀምር ሌላ ሰው ጨምራ ነው የምትልከኝ። እኔ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ሲያለቅሱ አለቅሳለሁ። «እስር ቤት እምነቱን አቀዘቀዘው» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። አልከራከራቸውም። እኔ ግን እምነትን በሕመም ላይ መዝለል አድርጌ ስቆጥር ኖሬ ነበር፤ በሕመሙ መካከል ማለፍ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ፣ አፍንጫዬን ተሰብሬ ነው። በደበደቡኝ ሰዎች ላይ ያለኝ ቁጣ ገና አልለቀቀኝም፤ እሱንም ሳልደብቅ ለጌታ እነግረዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከባለቤቴ ጋር አብረን እንጸልያለን። ጸሎቴ አጥሯል። አንዳንድ ቀን «ጌታ ሆይ፣ ልጄ ናፈቀኝ» ብዬ ከዚያ ማለፍ ያቅተኛል። ባለቤቴ ከጎኔ «አሜን» ትላለች።